ሀብተ ሥላሴና አሥራ ሁለቱ ውሃዎች

ሰው ስለ ሰመራ ሙቀት ሲያወራ ያጋነነ ይመስላል። ሀብተ ሥላሴ ግን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ማጋነን በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ እሱ የሚለውን ማመን ነው። እሱ እንደሚለው በሰኔ ወር ከቀትር በኋላ የቢሮው ስቴፕለር በባዶ እጅ አይያዝም፣ ማስቲሹ ጠርሙሱ ውስጥ እንዳለ ይፍለቀለቃል፣ ጥላ ራሷ ግድግዳ ሥር ተለጥፋ ትውላለች እንጂ ወጣ ብላ አትታይም።

ሰውየው የመንዝ ልጅ ነው። በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ ያደገ ገላ በ1989 ዓ.ም. አሳይታ ተመደበ፣ ከዚያም መሥሪያ ቤቱ ሲዛወር ከመደርደሪያዎቹና ከክላሰሮቹ ጋር ተጭኖ ሰመራ ገባ። አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። እናቱ በስልክ "ልጄ፣ ዝውውር የምትጠይቀው መቼ ነው?" ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ "ዘንድሮ ጥር ይለፍ፣ እማዬ።" ጥር ያልፋል፣ ሌላ ጥር ይመጣል። እናቱ በልባቸው አንዲት የአፋር ቆንጆ ይዛብኝ ይሆናል ብለው ተስፋም ስጋትም ነበራቸው። ቢያውቁ ኖሮ ያዝኑ ነበር። ልጃቸውን በረሃ ላይ ያስቀረው ከክብሪት ሽፋን የተቀደደ አንበሳና ከሻይ ካርቶን የተቆረጠ ዝሆን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከባድ መኪናው ሁሉ አፍንጫ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ በዞረበት ሰሞን፣ አዋሽ ሰባት የጉምሩክ ኬላው ፊት የሚደረደረው ተሳቢ ጭራው መተሐራ ይደርስ ነበር። ሾፌሩ ወረፋው እስኪደርሰው የት ይሂድ? ከማሉዲን ሻይ ቤት ይገባል። ከማሉዲን የባቲ ሰው ነው፤ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሻዩ የወፈረ፣ ፍርዱ የማይገለበጥ። አንድ ቀን ሁለት ሾፌሮች ሲሰለቻቸው አንዱ የክብሪቱን ሽፋን ቀደደና ጠረጴዛ ላይ ጣለ፤ "ይኸው አንበሳ!" አለ። ሌላው ከሰርዲን ቆርቆሮው ላይ ወረቀቱን ላጠና "ይኸው ዓሣ! የኔ ይበልጣል" አለ። "እንዴት ሆኖ?" ሲባል፣ "ያንተ አንበሳ ጫካ ውስጥ እየተራበ ያድራል፤ የኔ ዓሣ በዘይት ተነክሮ፣ ታሽጎ፣ በመርከብ ነው የሚሄደው!" ከዚያ ቀን ጀምሮ "ሥዕል" የሚባል ጨዋታ ተወለደ።

ደንቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ጭነት ላይ ካገኘው ነገር ሁሉ ሥዕል ይቆርጣል፤ ከሳሙና፣ ከብስኩት፣ ከሩዝ ከረጢት፣ ከባትሪ ድንጋይ። ካርቶን ላይ ይለጥፍና አሥራ ሁለት መርጦ ይቀርባል። ሁለቱ አንዳንድ ሥዕል እኩል ይገልጣሉ። ከዚያ አፍ ነው። የኔ የሚበልጠው በዚህ ምክንያት ነው ብሎ መናገር። ሻይ የሚጠጣው ሕዝብ የወደደውን ምክንያት ሲሰማ ብርጭቆውን በማንኪያ ይመታል። ከማሉዲን ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና የማን እንደጮኸ ይፈርዳል። ያሸነፈ የተሸናፊውን ሥዕል ይወስዳል። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ሙቀቱ ጥቂት ረገብ ሲል፣ ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ጠረፍ ገላፊ ያለው ተጫዋች ሁሉ ተሰብስቦ ትልቁ ግጥሚያ ይካሄዳል፤ ዋንጫው ከጅቡቲ የመጣ አበባ ያለበት ትልቅ ፔርሙዝ ነው። ሦስት ጊዜ ያሸነፈ ለዘለዓለም ይወስደዋል።

በዚያ ዘመን የጨዋታው ንግሥት ሱልጣና ነበረች። ሎጊያ ላይ የሾፌሮች አልጋ ቤት ያላት የወሎ ሴት ናት፤ ምላሷ ጎማ ይበሳል። አንድ ጊዜ አብራር የሚባለው ሾፌር አንበሳውን ሲያወርድ እሷ ከሳሙና ላይ የተቆረጠችውን ሴት አወረደች።

"አንበሳ ነው፣ እሺ" አለች። "ግን ከዚህች ሴት ጋር ተጋብቷል። ታጠብ ብላዋለች። ታጥቦም ጨርሷል፤ አሁን ፀጉሩ እስኪደርቅ ውጭ አይወጣም።"

የዚያን ቀን ሰባት ብርጭቆ ተሰበረ። ማንኪያው ሲንጫጫ ባቡር ጣቢያው ድረስ ተሰማ ይባላል፤ አሮጌው ባቡር ደንግጦ ሥራ ያቆመው በዚያ ምክንያት ነው የሚሉም አሉ።

ሀብተ ሥላሴስ? ሀብተ ሥላሴ ይህን ጨዋታ ከነፍሱ ይወደው ነበር። ሥዕሎቹ በአካባቢው ካሉት ሁሉ የተዋቡ ናቸው፤ ጠርዛቸው በማስመሪያ የተቆረጠ፣ ጀርባቸው ላይ ተራ ቁጥር ያለባቸው። ችግሩ አፉ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ከሻይ ካርቶን የቆረጠውን ዝሆን ይዞ አብራር ፊት ቀረበ። አብራር መርፌና ክር አወረደ። ሕዝቡ ማንኪያውን አነሣ።

"ዝሆን..." አለ ሀብተ ሥላሴ። "ትልቅ ነው።"

ማንኪያው እንደተነሣ ቀረ።

"እሺ፣ ሌላስ?" አለ ከማሉዲን፣ ሊያግዘው ፈልጎ።

"በጣም ትልቅ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማንኪያ ግን አንድም አልጮኸለትም። ዝሆኑን አብራር ወሰደው። ትክክለኛው መልስ ለሀብተ ሥላሴ የመጣለት በሳምንቱ ሐሙስ፣ ሰመራ ቢሮው ውስጥ ደብዳቤ ሲያስገባ ነው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው፤ ቅዳሜ አዋሽ ሄዶ ይጫወታል፣ መልሱ ሐሙስ ይመጣል።

ታዲያ በ2003 ዓ.ም. ሁለት ሾፌሮች በፍርድ ተጣልተው አንገት ለአንገት ሊያያዙ ሲሉ፣ ከማሉዲን ተስፋ ቆርጦ "ጋሽ ሀብቴ፣ አንተ የወረቀት ሰው ነህ። እስቲ ደንብ ጻፍልንና እንገላገል" አለው። ይህን ከሚለው ሻይ ቤቱን በእሳት ቢለኩሰው ይሻል ነበር።

ሀብተ ሥላሴ ሦስት ወር ሠራ። ስድሳ አራት ሥዕሎች ወደ ጎን፣ ስድሳ አራት ወደ ታች፤ በየሳጥኑ ውስጥ ማን ማንን እንደሚበልጥ ተጻፈ። ከሥሩ አሥራ ሰባት አንቀጽ። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ንጋትወርቅ በምሳ ሰዓቷ ስትተይብለት መጨረሻው ላይ ደርሳ ቀና አለች።

"ጋሽ ሀብቴ፣ አንቀጽ አሥራ ሰባት 'በዚህ ሠንጠረዥ ያልተጠቀሰ ጉዳይ ሲያጋጥም በቀድሞው ልማድ ይታያል' ይላል። ሁሉም ነገር ከተጠቀሰ ይኼ ምን ይሠራል?"

"ምንም አይሠራም" አላት ሀብተ ሥላሴ። "ግን ደንብ ያለ እሱ አያልቅም። እኔ ያየሁት ደንብ ሁሉ በእሱ ነው የሚያልቀው። ተይው።"

ደሴ ድረስ ልኮ ክብ ማኅተም አስቀረጸ፤ "የአዋሽ–ሰመራ የሥዕል ግጥሚያ" የሚል። ዋናው ሠንጠረዥ ግርጌ ላይ በጥንቃቄ አሳረፈው። ከእንግዲህ ማንም መናገር አያስፈልገውም። ገልጦ፣ በጣት ተከትሎ፣ ሳጥኑን ማንበብ ብቻ። አፍ የሌለውም ሰው ሰው ሊሆን ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ሄደ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ሾፌር ወረፋ ሲጠብቅ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አነበበና አንድ ነገር አየ። የውሃ መስመር ላይ አንድም ሽንፈት የለም። ውሃ እሳትን ይበልጣል፤ መኪናን ይበልጣል፣ ራዲያተር አለና፤ ግመልን፣ አንበሳን፣ ንጉሥን ይበልጣል። ሀብተ ሥላሴ ያንን መስመር የሞላው በሰኔ ወር ከቀትር በኋላ ነው። ሰመራ ላይ፣ በሰኔ፣ ውሃ በምንም ነገር ይሸነፋል ብሎ ለመጻፍ እጁ እምቢ አለው። ደግሞም ያኔ የውሃ ሥዕል ብርቅ ስለነበረ ማን ያገኘዋል ብሎ ነው።

ወዲያው የታሸገ ውሃ መንገዱን አጥለቀለቀው። ከአዋሽ እስከ ገላፊ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያልወደቀበት ቁጥቋጦ ጠፋ። ተጫዋቹ ሁሉ አንበሳውን ጣለ፣ ዓሣውን ጣለ፣ የሳሙናዋን ሴት ጣለ፣ አሥራ ሁለት የውሃ ጠርሙስ ወረቀት ይዞ መጣ። ግጥሚያው እንዲህ ሆነ፦

"ውሃ።"

"ውሃ።"

"እኩል" ይላል ከማሉዲን።

"ውሃ።"

"ውሃ።"

"እኩል።"

ሁሉም እኩል ከሆነ ደግሞ አንቀጽ ዘጠኝ አለ፤ "ተጋጣሚዎች እኩል ሲወጡ ቀድሞ የተመዘገበው ያሸንፋል።" መዝገቡን የከፈተው ማነው? ሀብተ ሥላሴ። ተራ ቁጥር አንድ ላይ የተመዘገበው ማነው? ልክ ገምታችኋል። በ2005 አሸነፈ። በ2006 አሸነፈ። ፔርሙዙን ሁለት ጊዜ ታቅፎ ፎቶ ተነሣ፤ በሁለቱም ፎቶ ላይ ከኋላው ያለው ሰው ያዛጋል።

በ2007 ጥር ሊገባ ሲል ከማሉዲን ደወለ።

"ጋሽ ሀብቴ፣ ሰላም ነህ? ሙቀቱ እንዴት አደረገህ?"

"ደህና ነው። ተመዝጋቢ ስንት ደረሰ?"

"ስድስት። ከስድስቱም አንዱ ተሳስቶ ነው የተመዘገበው፤ የጎሚስታ ወረፋ መስሎት።"

"እሱንም ቢሆን ቁጥር ውስጥ..."

"ስማኝማ ወንድሜ። የዘንድሮውን እናጫውትና በቃን። ትልቅ ቴሌቪዥን ከነዲሹ አስገብቻለሁ። ኳስ ይሻለናል፤ ኳስ ቢያንስ ሰው ያስጮኻል።"

"ጨዋታው ምን ሆነና?"

"ምን ሆነ ትለኛለህ? አምና በቃለ ጉባኤው የጻፍከው ራስህ አይደለህ? 'ተመልካች አሥራ አራት። ከእነዚህ ውስጥ ነቅተው የተከታተሉ አምስት' ብለህ!"

ሀብተ ሥላሴ ጽፏል። እውነት ስለሆነ ነው የጻፈው። "ደንቡን እናሻሽለው" አለ።

"እሱንም አይቼዋለሁ። አንቀጽ አሥራ አንድ፤ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው በአካል ተገኝተው ይፈርማሉ። ግማሹ ገላፊ ነው፣ ሩቡ ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው፣ የቀረው ጎማ እየቀየረ ነው። ወላሂ እነዚህን ሰዎች ባንድ ቀን ባንድ ቦታ የሚሰበስባቸው ቂያማ ብቻ ነው!"

ስልኩ ተዘጋ። ሀብተ ሥላሴ መደርደሪያዎቹን እያየ ቁጭ አለ። ጥር ከሌለ ሰመራ ምንድን ነው? ስቴፕለር ብቻ ነው። ለእናቱስ ምን ይላቸዋል? "የካቲት ይለፍ" ይበላቸው?

በግጥሚያው ቀን ጎሕ ሲቀድ አብራር ከገላፊ ሲመለስ አሳፈረው። ሀብተ ሥላሴ አሥራ ሁለቱን ውሃዎች በፕላስቲክ አሽጎ በቦርሳው ይዟል፤ ዋናውን ሠንጠረዥ ደግሞ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን አስተኝቶታል፤ ዋናው ሠንጠረዥ በዳኛው ጠረጴዛ ላይ ካልተዘረጋ ግጥሚያ አይጀመርም፣ አንቀጽ ሁለት። ሚሌን አለፉ። ከዚያ አብራር እጁን ሰድዶ ከፊቱ ካለው የፀሐይ መከለያ ላይ አንድ ሥዕል አወረደ።

"ይኼን ታውቀዋለህ?"

ዝሆኑ ነው። በማስመሪያ የተቆረጠ፣ ጀርባው ላይ "ተ.ቁ. 07" የሚል።

"አልጣልከውም?" አለ ሀብተ ሥላሴ።

"እንዴት ብዬ ነው የምጥለው! እንቅልፍ ሲመጣብኝ አየዋለሁ። 'በጣም ትልቅ ነው' ያልካት ነገር ትዝ ትለኝና እስቃለሁ፣ እንቅልፌም ይጠፋል። አላህ ይስጥህ፣ ስንት ጊዜ ከገደል አድነኸኛል።"

"በኔ ነዋ ስትስቁ የከረማችሁት።"

"ታዲያ በማን እንሳቅ ጋሽ ሀብቴ? አንተ ስትቀርብ እኮ ሰው ከጎሚስታ እየሮጠ ነበር የሚመጣው። 'ሀብቴ ሊናገር ነው!' እየተባለ። በውሃህ ግን ማን ይስቃል?"

የሀብተ ሥላሴ መልስ እንደ ልማዱ ሐሙስ ይመጣል። ግን እስከ ገዋኔ ድረስ ዝሆኑን ከእጁ አላወረደውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው የተገላገለው ይመስለው ነበር፤ ለካ ሲጠብቀው ኖሯል።

አዋሽ የደረሱት ከአሱር ሰላት በኋላ፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ፕላስቲኩ ገና አልተነሣለትም። ፔርሙዙ ከሥሩ ቆሟል። ጥግ ላይ ሱልጣና ሻይዋን ይዛ ተቀምጣለች፤ ሠንጠረዡ ከመጣ ወዲህ ተጫውታ አታውቅም፣ ቆርቆሮ ሙሉ ሥዕሏን ግን ከጎኗ አትለይም።

"መጣህ አንተ ሰውዬ?" አለችው። "አንተ ሁሉን መላሽ ነህ። ወንድሜን ኮፒ ይዘህ መጣህ ብለህ ሁለት ጊዜ ከሰመራ መለስከው፣ እኔን ደግሞ ከጨዋታ መለስከኝ።"

"ሱልጣና፣ ያ የአሠራር ጉዳይ ነው።"

"ይኼስ?" አለች ጠረጴዛው ላይ ወደተዘረጋው ወረቀት በአገጯ እያመለከተች።

የማጣሪያው ግጥሚያ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪበርድ አለቀ። የጎሚስታው ሰውዬ ሳያውቀው አንድ ዙር አልፎ ነበር፤ ተጋጣሚው ስላልመጣ። ለፍጻሜ ሀብተ ሥላሴና አብራር ቀረቡ።

"ውሃ።"

"ውሃ።"

"እኩል።"

አሥራ አንድ ጊዜ እንዲህ ተባለ። በሰባተኛው ላይ አንድ ሾፌር አንኮራፋ። በዘጠነኛው ላይ ከማሉዲን ፍርዱን ሳያቋርጥ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ፈልጎ ከመሳቢያው አወጣ። አሥራ ሁለተኛው ቀረ። ሀብተ ሥላሴ የመጨረሻውን ውሃ ቢያስቀምጥ እኩል ነው፤ እኩል ከሆነ ተራ ቁጥር አንድ ነው፤ ፔርሙዙም የዘለዓለም የእሱ ነው። ፔርሙዙን አየ። ሪሞቱን አየ። አብራር ክንዱን ተደግፎ ዐይኑ እየከበደው ነው፤ ዝሆኑ ደረት ኪሱ ውስጥ በግማሽ ብቅ ብሎ ይታያል።

ሀብተ ሥላሴ ተነሣ። ከቦርሳው መቀስ አወጣ። ወደ ዳኛው ጠረጴዛ ሄደና የዋናውን ሠንጠረዥ ግርጌ ይዞ፣ ክቡን ማኅተም ዙሪያውን እየተከተለ፣ ጠርዙን ሳያበላሽ ቆርጦ አወጣው።

"ኧረ በአላህ! ሰውየው ሙቀቱ ናላው ላይ ወጣ" አለ ከማሉዲን።

ሀብተ ሥላሴ ተመልሶ ተቀመጠና ማኅተሙን ገልብጦ አኖረ። "ግለጥ" አለው አብራርን።

"ውሃ" አለ አብራር፣ ከእንቅልፉ እየባነነ።

"ማኅተም" አለ ሀብተ ሥላሴ።

ያንኮራፋ የነበረው ሾፌር ነቃ። ከማሉዲን ጣቱን ወደ ጎን ሰደደ፣ ወደ ታች ሰደደ፣ መነጽሩን ጠርጎ እንደገና ሰደደ። "ማኅተም የሚባል እዚህ የለም።" ከዚያ ከወረቀቱ ግርጌ፣ ከቀዳዳው አጠገብ፣ ጮክ ብሎ አነበበ፦ "አንቀጽ አሥራ ሰባት። በዚህ ሠንጠረዥ ያልተጠቀሰ ጉዳይ ሲያጋጥም በቀድሞው ልማድ ይታያል።"

"የቀድሞው ልማድ ምንድን ነው?" አለ የጎሚስታው ሰውዬ።

"አፍ ነዋ!" አለች ሱልጣና፣ ብርጭቆዋን አስቀምጣ።

ቤቱ ሁሉ ወደ ሀብተ ሥላሴ ዞረ። ከውጭ የሰሙ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ። ላቡ ከግንባሩ ወደ አገጩ ወረደ።

"ውሃ..." አለ። "ውሃ ትልቅ ነው።"

"በጣም ትልቅ ነው!" አሉ ሦስት ሾፌሮች ባንድ አፍ፣ ቤቱም ሳቀ። ሀብተ ሥላሴ በዚህ ሳቅ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይሸማቀቅ ነበር። ዛሬ ግን ሳቁ የሆነ ቦታ ከጀርባው ገፋው።

"ትልቅ ነው" አለ እንደገና። "ግን ደብዳቤ ያስፈልገዋል። እኔ ዘንድ አንድ ውሃ አለ፤ ከጉድጓድ ወጥቶ፣ ታንከር ሞልቶ፣ ቧንቧው ተዘርግቶለት፣ ሰማያዊ ክላሰር ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። አንድ ማኅተም ጎድሎት ነው። እሱ ይቅር፣ ትንሽ ነው። ይኼ ከዚህ በታች የሚሄደው የአዋሽ ወንዝስ? ከሸዋ ተነሥቶ፣ ይህን ሁሉ በረሃ አቋርጦ፣ መልካ ወረር ላይ ጥጡን አጠጥቶ፣ ባሕሩ አፍንጫው ሥር ሲደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የተኛው ለምን ይመስላችኋል? ደክሞት ነው? አይደለም! ድንበሩ ላይ ወረቀትህ ማኅተም የለውም ተብሎ ነው! ይኸው እስከ ዛሬ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል!"

ከዚያ አንድ ማንኪያ ጮኸ፤ የሱልጣና ነው። ቀጥሎ ሁሉም። ብርጭቆ ተሰበረ፣ ሌላም ተሰበረ፣ ከጎሚስታው ቤት ሰው እየሮጠ መጣ፤ "ምንድን ነው? ምንድን ነው?" "ሀብቴ ተናገረ!" "ቅዳሜ ቀን?!" የፈረንጅ ኳስ ያየ ሰው እንደዚያ ሲጮኽ አልታየም።

አብራር መስኮት ላይ እንደቆመ ባለጉዳይ እጁን አነሣ። ዐይኑ አሁን ቦግ ብሏል። "ቆይ፣ ቆይ፣ ተራዬ ነው! ማኅተሙን ጋሽ ሀብቴ አመጡ፤ ባለሥልጣን ነው፣ ቆመን እንቀበለዋለን። ግን እስቲ ስለ እውነት ይንገሩኝ። ሰመራ ላይ፣ በሰኔ፣ የማኅተሙ ቀለም ደርቆ ድንጋይ ሲሆን ምን ታደርጋላችሁ?"

ሀብተ ሥላሴ ዐይኑን ወደ ማኅተሙ ጣለ። መዋሸት በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

"ይናገሩ እንጂ!" አለ አብራር።

"ውሃ..." አለ ሀብተ ሥላሴ። "ውሃ ጠብ እናደርግበታለን።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አይቻልም። ከማሉዲን ዐይኑን ጨፍኖ ለማዳመጥ ሞከረ፣ ግን ራሱ እየሳቀ ስለነበር ሦስት ጊዜ አስደገመ። በመጨረሻ ፈረደ፤ አብራር በአንድ ማንኪያ በለጠ። ማኅተሙንም ወሰደ፣ ፔርሙዙንም ወሰደ። ሀብተ ሥላሴ ሁለቱንም ሲያጣ ፊቱ እንደ ሙሽራ ፊት ይበራ ነበር።

"እንግዲህ" አለ ከማሉዲን ላቡን እየጠረገ፣ "ለሚመጣው ጥር አሁኑኑ እመዘግባለሁ። ይኼን ዲሽ የሚፈልግ ሰው ካለ ከነፕላስቲኩ ይውሰድልኝ።"

"ደንቡ ግን እንዳለ ነው" አለ ሀብተ ሥላሴ፣ ልማድ ሆኖበት። "ማኅተም አንድ ልዩ ጉዳይ ነው። ሌላው በሠንጠረዡ..."

ከማሉዲን ወረቀቱን አነሣና ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋው። በቀዳዳው በኩል የቆመ ተሳቢ ይታያል። "የቱ ደንብ? ይኼ ወረቀት ማኅተሙ የታለ? እኔ ማኅተም በሌለው ወረቀት አልዳኝም፤ እንደዚያ ያስተማርከን አንተ ነህ።"

ሀብተ ሥላሴ ክው አለ። እውነት ለመናገር ይህን አላሰበውም ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ማኅተም የሌለው ወረቀት የያዘ ሰው በመስኮቱ ሲመልስ የኖረ ሰው፣ የራሱን ደንብ በራሱ መቀስ ውድቅ አድርጎ ቁጭ አለ። "ኮፒው ሰመራ አለ!" አለ ብድግ ብሎ። "ማኅተሙም በግልጽ የሚታይ ኮፒ ነው!"

"ኮፒ?" አለች ሱልጣና፣ በቀስታ። "ኮፒ?" ጣቷን ወደ እሱ ቀሰረች። "ዋናው ሳይቀርብ ኮፒ አናስተናግድም ብለህ አይደለም ወንድሜን የመለስከው? እሱም ሁለት ጊዜ?"

ሀብተ ሥላሴ ተመልሶ ተቀመጠ። አሠራር አሠራር ነው።

ሱልጣና ወንበሯን እየጎተተች መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። የቆርቆሮውን ክዳን በጥፍሯ ፈልቅቃ ከፈተችና የሳሙናዋን ሴት አወጣች፤ ጠርዟ ተበልቷል፣ ፈገግታዋ ግን እንዳለ ነው። አብራር ደረት ኪሱ ውስጥ ገብቶ ዝሆኑን አወጣና ሀብተ ሥላሴ እጅ ውስጥ አኖረለት። "ውሰት ነው" አለው። "ከተሸነፍክበት እገልሃለሁ።"

"በል እስቲ" አለች ሱልጣና። "የኔዋ ሴት ይኼን ግዙፍህን አጥባ፣ አድርቃ፣ ተኩሳ ሰቅላዋለች። ምን ትላለህ?"

"ዝሆን..." አለ ሀብተ ሥላሴ።

አርባ ማንኪያ ባየር ላይ ቆመ። መልሱ ሐሙስ ቢመጣም እንኳ ማንም አልቸኮለም።